ከፍሪዘር የወጣ ሆት ፖት፦ የቅርጫ ስጋና የቻይና ድስት ሲገናኙ

በዓል ካለፈ ከሳምንታት በኋላ ፍሪዘሩን ክፈቱት። ከቅርጫው የደረሳችሁ ስጋ ግማሹ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ድንጋይ ሆኖ ተቀምጧል። ሽንፍላ አለ። "ለሾርባ ይሆናል" ተብሎ የተረሳ ቅልጥም አለ። የአይስክሬም ዕቃው ውስጥ ደግሞ የዶሮ ወጥ ቁሌት አለ፤ ልጆቹ በየሳምንቱ እየከፈቱ ይበሳጫሉ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ነው። ለብቻው ወጥ አይወጣውም፣ ለመጣል ደግሞ ያሳዝናል።

እኔ ይህን የምገላገለው በሆት ፖት ነው። የለመድኩት ተማሪ ሆኜ ቻይና፣ ቾንግቺንግ ከተማ ስኖር ነው። አዲስ አበባ ተመልሼ ቤቴ ስሠራው ግን ከእንግዶቼ ሁለት ነገር እሰማለሁ። አንደኛው "ያው ያለውን ሁሉ አንድ ድስት ውስጥ መገልበጥ ነው አይደል?" የሚል ነው። ሁለተኛው "ከፍሪዘር የወጣ ነገር እኮ ምንም አይልም፣ ቅዝቃዜው ጀርሙን ገድሎታል" የሚል ነው። ሁለቱም ልክ አይደሉም። የመጀመሪያው እራቱን ያበላሻል፣ ሁለተኛው ግን አልጋ ላይ ያስተኛል። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር።

ለመሆኑ ሆት ፖት ምንድን ነው?

ቻይናውያን ሁዎ ጉዎ ይሉታል፣ "የእሳት ድስት" እንደማለት ነው። ጠረጴዛው መሃል ምድጃ ይቀመጣል፣ ምድጃው ላይ መረቅ የያዘ ድስት ይንተከተካል፣ ዙሪያውን ጥሬው ነገር በየሳህኑ ይደረደራል፤ ስስ ሆኖ የተቆረጠ ስጋ፣ ጎመን፣ እንጉዳይ፣ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ነገር)፣ ኑድል። ሁሉም የፈለገውን ያነሳል፣ መረቁ ውስጥ ይነክራል፣ ሲበስልለት ያወጣል፣ ማጥቀሻው ውስጥ አጥቅሶ ይጎርሳል። ማብሰሉና መብላቱ አብሮ ነው የሚሄደው። ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ማንም አይደነቅም። ለእኛ ብዙም እንግዳ አይደለም። መሶብ ከቦ መብላት ነው፣ መሶቡ እሳት ላይ ተጥዶ።

ከከተማ ከተማ ይለያያል። ቤጂንጎች መሃሉ ላይ የጭስ መውጫ ያለው የመዳብ ዕቃ አላቸው፣ ከሰል የሚነደው እዚያው ውስጥ ነው። መረቁ ውሃ ሊመስላችሁ ይችላል። የበግ ስጋ ይነክሩበትና በተፈጨ ሰሊጥ ያጠቅሱታል። ቾንግቺንግ ደግሞ ቀይ ነው። በከብት ሞራ የተቁላላ በርበሬ፣ ከዚያ ላይ ምላስ የሚያደነዝዝ የሲቹዋን (ጎረቤት ክፍለ ሀገር ነው) ቁንዶ በርበሬ። እዚያ እንደሚያወሩት የወደብ ሠራተኞች ሌላው ሰው የማይፈልገውን የሆድ ዕቃ በርካሽ ገዝተው እየቀቀሉ ሲበሉ የተስፋፋ ነው። ጃፓኖች ሻቡ ሻቡ አላቸው። ስሙ ስጋው መረቁ ውስጥ ሲወዛወዝ ከሚያሰማው ድምፅ የመጣ ነው፣ የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1952 ኦሳካ ውስጥ ሱኤሂሮ የሚባል ምግብ ቤት ነው። ስዊዘርላንዶች ሳይቀሩ ለገና "የቻይና ፎንዲዩ" ብለው ይሠሩታል። ስጋውን የሚገዙት በስሱ ተቆርጦ፣ ተጠቅልሎ፣ በረዶ ሆኖ ከሱፐርማርኬት ነው። ስለዚህ የፍሪዘር ስጋ ለሆት ፖት ውርደት አይደለም።

ፍሪዘር ውስጥ የከረመ ነገር ለምን ይስማማዋል?

ስጋም ጎመንም አብዛኛው ክፍላቸው ውሃ ነው። የቤት ፍሪዘር ቀስ ብሎ ስለሚያቀዘቅዝ፣ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ትላልቅ ስለታም ቅንጣቶች ይሠራል። እነዚህ ቅንጣቶች የስጋውን ጥቃቅን ሕዋሳት ይወጋሉ። በረዶው ሲቀልጥ በተወጋው በኩል ፈሳሹ ይወጣል። ሳህን ላይ ተጠራቅሞ የምታዩት ቀይ ውሃ እሱ ነው፣ ብዙ ሰው ደም ይመስለዋል።

ጥብስ ልሥራ ለሚል ይህ ጣጣ ነው። ስጋው መጥበሻው ላይ ውሃ ይለቅና መጠበሱ ቀርቶ ይቀቀላል። ሆት ፖት ላይ ግን ድሮም ቀድሞም የሚገባው መረቅ ውስጥ ነው። ከስጋው የሚወጣው ጣዕም የትም አይሄድም፣ መረቁን ያጣፍጠዋል። ጎመኑም ለሰለሰ ብላችሁ አትዘኑ፣ መረቁ ያው ያለሰልሰው ነበር።

ቶፉ ጭራሽ ይጠቀማል። በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ፣ በረዶው የነበረበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። እንደ እንጀራ ዓይን አስቡት። እንጀራ ወጡን የሚይዘው በዓይኑ አይደል? ቶፉም እንዲሁ መረቁን ይመጠዋል። ቻይናውያን ሆን ብለው ቶፉ ፍሪዘር ውስጥ የሚከቱት ለዚህ ነው።

ስጋው ላይ አንዳንድ ቦታ ነጣ ወይም ገረጣ ያለ፣ የደረቀ ነገር ካያችሁ አትደንግጡ። ላስቲኩ በደንብ ስላልታሸገ በረዶው ሳይቀልጥ እንዳለ ወደ አየር ተኖ ነው። በብርድ የተሠራ ቋንጣ በሉት። አይጎዳም፣ ግን ጣዕም የለውም። ቆርጣችሁ ጣሉት።

ፍሪዘር ጀርም ይገድላል ወይ?

አይገድልም። ያስተኛዋል።

የቤት ፍሪዘር 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች ሲሆን ባክቴሪያ መራባት ያቆማል። ስለዚህ በትክክል የተቀመጠ ምግብ ወራት ቢቆይም ጣዕሙ ይቀንሳል እንጂ አደገኛ አይሆንም። ስጋው ወጥቶ ሲሞቅ ግን የተኛው ይነቃል፣ ካቆመበትም ይቀጥላል። በጣም የሚመቸው ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። የኩሽናችሁ ጠረጴዛ እዚህ ውስጥ ነው። በቶሎ የሚበላሽ ምግብ በዚህ ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ የሚያቃጥልበት አገር፣ ለምሳሌ ዱባይ ወይም ጅዳ፣ ከቤት ውጭ የምትበሉ ከሆነ 1 ሰዓት ብቻ ነው።

"ችግር የለም፣ እናፈላዋለን" የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። እዚህ ላይ ቆም በሉ። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ምግቡ ሜዳ ላይ ሲያድር መርዝ ያመነጫሉ። መርዙ ደግሞ በመፍላት አይጠፋም። ባክቴሪያው ይሞታል፣ የተወው ነገር ይቀራል። በበዓል ማታ ምድጃ ላይ ክዳኑን ደፍተን የምናሳድረው ትልቅ የወጥ ድስት ከዚህ አንጻር አስቸጋሪ ነው። ትልቅ ድስት ቶሎ አይበርድም፣ መሃሉ ሌሊቱን ሙሉ ለብ እንዳለ ነው የሚያድረው። በትናንሽ ዕቃ አከፋፍሎ ወዲያው ፍሪጅ ማስገባት ይሻላል። ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ 3 ወይም 4 ቀን ነው ዕድሜው፣ ከዚያ በፊት ፍሪዘር ይግባ። በዓሉ ማታ ሜዳ ላይ አድሮ ጠዋት ፍሪዘር የገባ ወጥ ካለ ግን ለዚህ እራት አታስቡት።

መብራት ሲጠፋስ? ፍሪዘሩ ሙሉ ከሆነና በሩን ካልከፈታችሁት ወደ 48 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ግማሽ ከሆነ 24 ሰዓት። "እስቲ ቀልጦ ይሆን?" እያሉ በየሰዓቱ መክፈት ነው የሚያቀልጠው። መብራቱ ሲመጣ ውስጡ አሁንም የበረዶ ቅንጣት ያለበት ነገር እንደገና ቢቀዘቅዝ ችግር የለውም። ፍሪጅ ውስጥ የቀለጠ ስጋም ተመልሶ ፍሪዘር መግባት ይችላል። "ሁለተኛ ከገባ መርዝ ነው" የሚባለው እውነት አይደለም። ጣዕሙ ይጎዳል፣ ያ ብቻ ነው። መመለስ የሌለበት ጠረጴዛ ላይ ሲቀልጥ የዋለው ነው።

ለማቅለጥ የተሻለው ፍሪጅ ነው፣ ከአንድ ቀን በፊት አውርዱት። ከረሳችሁ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ቋጥራችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱት፣ ውሃውን በየ30 ደቂቃው ቀይሩ፤ ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ ስጋ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ሙቅ ውሃ አይሆንም። ውጪው ሞቆ ባክቴሪያው ድግስ ላይ ሲሆን መሃሉ ገና ድንጋይ ነው።

ምኑ ወደ ድስቱ፣ ምኑ ወደ ሳህኑ?

ፍሪዘሩን ባዶ ስታደርጉ ያገኛችሁትን ሦስት ቦታ ክፈሉት። አንዴ የበሰለው ነገር፣ ማለትም ቁሌቱ፣ የቅቅሉ መረቅ፣ የወጡ ትራፊ፣ መረቅ ይሆናል። ጥሬው፣ ማለትም ስጋው፣ ሽንፍላው፣ ዓሣው፣ አትክልቱ፣ በየሳህኑ ይቀርባል። እንጀራና ሩዝ መጨረሻ ላይ ይመጣሉ። እዚህ ላይ የሚሳሳቱ ሰዎች ናቸው "የማይረባ ሾርባ ሆነብኝ" የሚሉት።

ክትፎ ከቀረ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሙሉ ስጋ ላይ ባክቴሪያው ያለው በአብዛኛው ከላዩ ነው፣ መረቁ ሲነካው ይሞታል። የተከተፈ ስጋ ግን የላዩ ወደ ውስጥ ገብቷል። ጠረጴዛ ላይ ሳይቆይ በጥሬው ፍሪዘር የገባ ከሆነ በትናንሹ አድቦልብሉትና መሃሉ ምንም ቅላት እስከማይቀርበት ድረስ አብስሉት። ድግስ ላይ ሰዓታት የዋለ ከሆነ ግን ይጣል።

የዶሮ ወጥ ትራፊ መረቅ ይሆናል?

ይሆናል፣ ግን እንዲሁ ውሃ ጨምሮ አይደለም። እኔ መጀመሪያ ያደረግሁት እሱን ነበር። 20 ደቂቃ አልቆየም፣ ቤቱ በእርር ሸተተ።

ምክንያቱ ሽንኩርቱ ነው። ወጣችን የሚወፍረው በሽንኩርት ነው፣ ውፍረቱም እንጀራ ላይ እንዲቀመጥ ነው። ሆት ፖት ግን ቀጭን መረቅ ይፈልጋል፣ ከሥሩ ሁለት ሰዓት እሳት አለ። ቁሌቱ ድስቱ ሥር ይዘቅጥና ያራል። ስለዚህ ቁሌቱን በሙቅ ውሃ አቅጥኑት፣ በደንብ አፍሉት፣ ከዚያ በወንፊት አጥልሉት። አተላውን አትጣሉት፣ ለማጥቀሻ ይሆናል። የተጠለለውን ከቅልጥም መረቅ ጋር ቀላቅሉት። ለ4 ሰው 2 ሊትር መረቅ፣ ከዚያ ውስጥ ሁለት ጭልፋ ያህል ቁሌት ይበቃል።

ቅልጥሙ በዝግታ ይቀቀል። ዝንጅብል በአውራ ጣት ልክ፣ ጥቂት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ሦስት አራት ፍሬ የተከካ ኮረሪማ። ኮረሪማው የእኔ ፈጠራ ብቻ አይደለም። የሲቹዋን ምግብ አብሳዮች ቀዩ መረቅ ውስጥ ጻዎ ጉዎ የሚባል ጠቆር ያለ ፍሬ ይጨምራሉ፣ እሱም ኮረሪማም የዝንጅብል ቤተሰብ ናቸው። ሳላውቅ ስቀይረው ማንም ልብ አላለም። የሲቹዋን ቁንዶ በርበሬ ግን ምትክ የለውም። ስሙ ነው እንጂ ቁንዶ በርበሬ አይደለም፣ ከሎሚ ጋር የሚዛመድ ዛፍ ፍሬ ነው። ከንፈር የሚያደነዝዘው ውስጡ ያለ የራሱ ንጥረ ነገር ነው። ካላገኛችሁት ይቅር፣ በሚጥሚጣ አይካካስም። ሚጥሚጣ ያቃጥላል እንጂ አያደነዝዝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ቅቤው እንምጣ። ቾንግቺንግ ውስጥ የመረቁን ቅመም ከከብት ሞራ ጋር ለረጅም ሰዓት ያቁላሉታል፣ ሲበርድ እንደ ጡብ ይረጋል፣ ሱቅም የሚሸጠው በጡብ መልክ ነው። እኛ ደግሞ ቅቤውን በኮሰረት፣ በኮረሪማ፣ በበሶብላ እናነጥራለን። ሁለቱ ሕዝቦች ሳይመካከሩ የደረሱበት አንድ ነገር ነው። የቅመም ሽታም የበርበሬ ማቃጠልም ከውሃ ይልቅ በስብ ውስጥ ነው በደንብ የሚሟሙት። ስቡ ደግሞ ይንሳፈፋል። አንድ ቅጠል ጎመን ከመረቁ ስታወጡ የግድ የላዩን ስብ አቋርጦ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ በየጉርሻው በቅመም ተቀብቶ ይመጣል። ከመረቁ ስቡን ብትገፉት ቀይ ውሃ ነው የሚቀራችሁ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ በቂ ነው፣ እንግዳው ሊቀመጥ ሲል አድርጉት። እስራኤል ያላችሁና ስጋና ወተት የማትቀላቅሉ፣ ቅመሙን በዘይት አቁላሉት፣ አሠራሩ ያው ነው።

ጨው አታድርጉ። ወጡ ጨው አለው፣ ማጥቀሻውም አለው፣ መረቁ ደግሞ እየተነነ ይሄዳል፣ ጨው ግን አይተንም። መጀመሪያ ላይ "ትክክል ነው" ያላችሁት መረቅ ከአንድ ሰዓት በኋላ የባሕር ውሃ ይሆናል። አጠገባችሁ አንድ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ አስቀምጡና ሲጎድል ጨምሩ።

ስጋው እንዴት ይቆረጣል?

የፍሪዘር ስጋ እዚህ ላይ ይበልጣል። ትኩስ ስጋ ከቢላ ሥር ያንሸራትታል፣ በስሱ ልቁረጥ ቢሉ አይታዘዝም። ግማሽ በግማሽ የቀለጠ ስጋ ግን እንደ አይብ ይቆረጣል። ፍሪጅ ውስጥ አቆዩትና ቢላው እየታገለ ሲገባለት ጀምሩ። ውፍረቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ይሁን። የስጋውን ክር አቋርጣችሁ ቁረጡ፣ በክሩ አቅጣጫ ከሆነ ጎማ ማኘክ ነው። ፍሪምባ ጮማው ከቀዩ ጋር ስለተነባበረ ግሩም ነው፣ ሽንጥም ጥሩ። ወርች ጠንካራ ነው፣ እሱ ከቅልጥሙ ጋር ይቀቀል። በስሱ መቆረጡ ሌላም ጥቅም አለው። ሙሉ በሙሉ ሳይቀልጥ ስለምትቆርጡት ያ ቀይ ፈሳሽ ሳህን ላይ አይቀርም፣ የሚወጣው ድስቱ ውስጥ ነው።

ሽንፍላ የቾንግቺንግ ኩራት ነው። "ሽንፍላ ታጥቦ አይጠራም" እንላለን እኛ፤ እነሱም አጥበው አጥበው በስሱ ይዘረጉታል፣ ከዚያ ሰባት ጊዜ ከፍ፣ ስምንት ጊዜ ዝቅ እያደረጉ ወደ 15 ሰከንድ ነክረው ይበሉታል። ጭርጭር ይላል። ይህ ግን ለዚያ ተብሎ የተዘጋጀ ሽንፍላ ነው። የቅርጫውን ሽንፍላ አስቀድሞ ቀቅሎ ማቅረብ እመርጣለሁ። ጭርጭርታው ይቀንሳል፣ እንቅልፌን ግን አገኛለሁ።

ስንት ደቂቃ ይቆይ?

ስስ ስጋ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ እስኪለወጥ፣ ከዚያም ትንሽ ሰከንድ ጨምሩለት። ዶሮ፣ የተከተፈ ስጋና አንዴ የበሰለ ትራፊ ጨክናችሁ አብስሉ። ውስጣቸው 74 ዲግሪ ከደረሰ ሰላም ነው።

አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ በ100 አይደለም። ስስ ስጋ አይጎዳውም፣ ድንችና ካሮት ግን ሲንተከተኩ ያመሻሉ። እነሱን ቀቅላችሁ አቅርቡ።

በረዶ እንደሆነ መክተት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ ብቻ የሚያስፈልገው ሙቀት፣ ያንኑ ውሃ ከዜሮ እስከ 80 ዲግሪ ለማሞቅ ከሚበቃው ጋር እኩል ነው። የበረዶ ዓሣ ክምር ስትገለብጡ ድስቱ ዝም ይላል። ለብ ባለ መረቅ ውስጥ ጥሬ ነገር መንሳፈፍ ጀመረ ማለት ነው። ጥቂት ጥቂት ይግባ፣ ድስቱ ሲያርፍ ጠብቁት፣ ተመልሶ ሲንተከተክ ቀጥሉ።

ጥሬውን የምታነሱበትና የምትበሉበት ዕቃ ይለያይ። አንድ ረጅም መቆንጠጫ ለጥሬው ብቻ መድቡ። የእኛ ሰው ደግሞ ሞቅ ሲለው ጉርሻ ይጀምራል፣ ጣቱ ቅድም ጥሬ ስጋ የነካ መሆኑ ትዝ አይለውም። ደግነቱ ሳይሆን ጣቱ ነው ችግሩ። ጥሬውን አንድ ሰው ብቻ ያስገባ፣ ጉርሻ የሚሰጥ ሰው እጁን ይታጠብ።

ጾመኛ ቢኖርስ?

መሃሉ ላይ ግድግዳ ያለው ድስት አለ። ቻይናውያን ዩዋንያንግ ድስት ይሉታል፣ ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው በሚሳሉ ዳክዬዎች ስም። በአንድ በኩል ቀዩ፣ በሌላው ነጩ። በጾም ቀን ግን እሱ አይበቃም። ሲንተከተክ ይረጫል፣ ማንኪያም ይሳሳታል። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ሁለት ድስት ጣዱ። የጾሙ መረቅ ከደረቀ እንጉዳይ፣ ከቲማቲም፣ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ይወጣል፣ የእንጉዳዩን መዘፍዘፊያ ውሃ ግን እንዳትደፉት፣ ጣዕሙ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ጡብ የመሰለውን የቻይና ቅመም ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ ማሸጊያውን አንብቡ። ብዙው የከብት ሞራ አለበት፣ ስለዚህ ለጾመኛም አይሆን፣ የእርዱን ነገር ለሚጠነቀቅ ክርስቲያንም ሙስሊምም ጥያቄ ያስነሳል።

ማጥቀሻውስ?

አዋዜ አለን፣ ሰናፍጭ አለን፣ ዳጣ አለን። ግማሹ ሥራ አልቋል። የቤጂንጉ ሰሊጥ ግን አይቅርባችሁ። ሰሊጥ ቁሉና ፍጩት፣ ወይም ጣሂና ግዙ፣ በትንሽ ሙቅ ውሃ አቅጥኑት፣ ሶያ ሶስ ጠብ አድርጉ፣ አዋዜ አንድ ማንኪያ። ቻይና ከእኛ ሰሊጥ ከሚገዙት ዋነኞቹ አንዷ ናት፣ ስለዚህ ቤጂንግ ውስጥ በግ የሚጠቀስበት ሰሊጥ ከሁመራ ሄዶ ሊሆን ይችላል። የተጠለለው የቁሌት አተላም ከሰሊጡ ጋር ይዋሃዳል። ማጥቀሻ ሌላም ሥራ አለው፣ ከሚፍለቀለቅ መረቅ የወጣውን ያበርዳል። ላንቃችሁ እንዳይላጥ ተዉ፣ ቀስ በሉ።

በምን እሳት?

የኤሌክትሪክ ምድጃ ይሻላል። ትንሿ በጣሳ ጋዝ የምትሠራዋ ቡታጋዝም ትሆናለች፣ ድስቱ ግን ሰፍቶ የጋዙን ጣሳ መጋረድ የለበትም፤ ጣሳው ሲግል ሊፈነዳ ይችላል። መስኮት ክፈቱ። ቤጂንጎች በከሰል ይሠሩታል ብላችሁ ዝግ ቤት ውስጥ ከሰል እንዳታስገቡ። የከሰል ጭስ ምን እንደሚሠራ ለአገሬ ሰው አልነግርም።

ድስቱ ውስጥ የቀረው ምን ይሆናል?

ጃፓኖች መጨረሻ ላይ የቀረው መረቅ ውስጥ ሩዝ ወይም ኑድል ይጨምራሉ፣ ሺሜ ይሉታል፣ መዝጊያ ማለት ነው። ያን ጊዜ መረቁ የሁሉንም ጣዕም ጠጥቶ ጨርሷል። ስጋው፣ እንጉዳዩ፣ ጎመኑ፣ ቅቤው፣ ሁሉም እዚያ ነው።

እኛ ድርቆሽ አለን። ፍሪዘር ሳይኖር እንጀራ የምናቆይበት ዘዴ ነው፣ ዛሬም በሻንጣ ዋሽንግተንም ሮምም ይሄዳል። ትኩስ እንጀራ እንዳትሞክሩ፣ የሚንተከተክ መረቅ ውስጥ ይሟሟና ገንፎ ይሆናል። ድርቆሽ ግን ይጠጣል እንጂ ቶሎ አይፈርስም። መረቁ ውስጥ የቀረ ጥሬ ነገር እንደሌለ አረጋግጡ፣ አንድ ጊዜ በደንብ አፍሉት፣ እሳቱን አጥፉ፣ ድርቆሹን ጨምሩና አገላብጡ። ፍርፍር ነው የሚሆነው። እኔ ቤት "ጠገብኩ" ያሉት ሁሉ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው መልሰው የሚስቡት ያኔ ነው፣ ማንኪያም ሳይጠይቁ ከድስቱ።